በባዕድ አገር ነርስ ለመሆን የሚጠየቀው ምስክር

ከጉና ተራራ ማዶ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ንፋስ መውጫ እንደ ስሟ ነፋስ የማይለያት ደጋ ናት። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተወልዶ፣ በጎንደር ወይም በደብረ ታቦር ተምሮ ነርስ የሆነ ሰው በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ሊሠራ ቢሻ፣ የትምህርቱ ወረቀት ብቻውን ድንበር አያሻግረውም። በሽተኛን የሚነካ እጅ አስቀድሞ በአገሩ ሕግ ተመርምሮ በመዝገብ ሊጻፍ ግድ ነውና።

ይህ ሕግ እንግዳን ለማራቅ ብቻ የወጣ የሚመስለው ቢኖር የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ነገር ያስታውስ። ልዕልቲቱ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት ተምረው፣ በ1931 ዓ.ም. ፈተናውን አልፈው በነርሶች መዝገብ ተጻፉ። እንግሊዝ መዝገቡን በሕግ ያቆመችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1919 ነበርና፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆን ከፈተናው አላስቀራቸውም። ከድል በኋላ ተመልሰው በደሴ ሐኪም ቤት ድውያንን ሲያስታምሙ ቆይተው፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ሳሉ ገና በ22 ዓመታቸው ዐረፉ።

ልዕልት ፀሐይ የተማሩት በዚያው አገር ነው፤ በሌላ አገር የተማረ ሰው መንገድ ግን ይረዝማል። እንግሊዞች የቋንቋ ፈተና፣ በኮምፒዩተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና፣ ኋላም በዚያው አገር በተግባር የሚታይ ፈተና ይጠይቃሉ። አሜሪካኖችም የትምህርቱን መዝገብ መርምረው ኤንክሌክስ በሚባለው ፈተና ያስቀምጣሉ።

ከፈተናው ይልቅ ብዙውን የሚያደክመው ግን ስምና ዘመን ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊ ያለው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። «ጸ» ለላቲን ፊደል እንግዳ ስለ ሆነ አንዱ ጸሐፊ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። በክርስትና ስሙ የተመዘገበና በትምህርት ቤት በዓለም ስሙ የተጠራ ሰው በወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው፤ በመስከረም 1990 ዓ.ም. የተወለደ በፈረንጅ 1997 ሲሆን፣ በጥር 1990 ዓ.ም. የተወለደው ግን 1998 ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ካህን ይህን በቃሉ ያሰላዋል፤ ችኩል ጸሐፊ ግን በሁሉም ላይ 8 ይደምራል፤ መርማሪውም ልዩነቱን ባየ ጊዜ ማመልከቻውን ያቆመዋል።

ሌላም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 የጤና ሠራተኛ እጅግ ያነሳቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያም ከነዚያ አንዷ ሆናለች። ባለጸጋ አገሮች ከእነዚህ ዘንድ ሠራተኛ እየዞሩ እንዳይመለምሉ ተመክሯል፤ ራሱ ያመለከተውን ሰው ግን የሚከለክል የለም። ይህን ይዞ ነርሱ እንዳይሄድበት የምስክር ደብዳቤውን በመሳቢያ የሚያቆይ ሹም ቢኖር፣ ጭንቀቱ የሚገባ ነው፤ ለደጋው ሕመምተኛ ሌሊት የሚነሣለት ሰው ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ደብዳቤ ማቆየት ነርሱን ያስመርረዋል እንጂ አያስቀረውም። የቋንቋው ፈተና ውጤት የሚጸናው ለ2 ዓመት ብቻ ነው፤ ይህ ካለፈ ነርሱ ገንዘቡን በውጭ ምንዛሪ እንደ ገና ከፍሎ እንደ ገና ይፈተናል።