አንድ ሊትር ዓባይ ስንት ያወጣል?

አንድ ሊትር የዓባይ ውሃ ከሕዳሴ ግድቡ ንጋት ሐይቅ ተነሥቶ 130 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድና ተርባይን ሲያሽከረክር፣ ከጄኔሬተሩ ወደ 1,200 ጁል የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ጁል በየቀኑ የምንጠራው መለኪያ ስላልሆነ በመብራት እንናገረው፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ሁለት ደቂቃ ያበራል። ከዚያ ሌላ ሊትር መምጣት አለበት።

ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ታዲያ ውሃው የሚመጣው በሊትር አይደለም። 400 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አንዱ ዩኒት በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በየሰከንዱ 330 ቶን ገደማ ውሃ ያልፍበታል። እንዲህ ያሉት ዩኒቶች 11 ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ማለትም የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም የመጀመሪያውን ኃይል የሰጠው ዩኒት 10 እና ተከታዩ ዩኒት 9፣ እያንዳንዳቸው 375 ሜጋ ዋት ናቸው። ሁሉም ሲደመሩ 5,150 ሜጋ ዋት ይሆናሉ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ግድብ በየመድረኩ የሚጠራበት ቁጥር ይህ ነው።

ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን የጣሪያው ቁጥር ነው። ግድቡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የተቀመጠው 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ይህን በዓመቱ 8,760 ሰዓቶች ስናካፍለው አማካዩ 1,800 ሜጋ ዋት ላይ ያርፋል፤ የጣሪያው 35 በመቶ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ዓባይ ራሱ ነው። ክረምት ላይ ሞልቶ የሚገሰግሰው ወንዝ በበጋ ይሳሳል፤ በሱዳን ድንበር ላይ ያለው የዓመቱ አማካይ በሰከንድ 1,550 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 13ቱን ዩኒቶች ባንድ ላይ በሙሉ አቅም ለማሠራት ግን በሰከንድ ከ4,000 ሜትር ኩብ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ 5,150 የሚያስፈልገው ሁሉም ሰው ባንድ ጊዜ መብራት ሲፈልግ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ሐይቁ ያጠራቅማል። በ1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተኛው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሀገሪቱ ያላት ትልቁ ባትሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ይህን ኃይል ከጉባ ማውጣት አለብን። በቤታችን ሶኬት ባለው በ220 ቮልት እንላከው ብንል ሽቦው 23 ሚሊዮን አምፔር መሸከም ይኖርበታል። ያን የሚሸከም ሽቦ የለም። ቮልቴጁ ወደ 500,000 ሲነሣ ግን የአንዱ ዩኒት 400 ሜጋ ዋት በመስመሩ ሦስት ሽቦዎች እያንዳንዳቸው ላይ ከ460 አምፔር ትንሽ በለጥ ብሎ ያልፋል። በመስመር ላይ የሚባክነው ኃይል ከአምፔሩ ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ ቮልቴጁ እጥፍ በሆነ ቁጥር ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከግድቡ ተነሥቶ በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ የሚገባው 619 ኪሎ ሜትር መስመር 500 ኪሎ ቮልት የሆነውም ለዚሁ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሰዓቱ ነው። የሀገሪቱ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ብርሃን እንኳ 619 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሁለት ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። እናም ጉባ ላይ ሞገዱ ጫፍ በደረሰበት ቅጽበት ሆለታ ገና የዙሩን አንድ አሥረኛ ይቀረዋል። ይህ መዘግየት እያለ የጉባ፣ የግልገል ጊቤ፣ የተከዜና የበለስ ጄኔሬተሮች ሁሉ አንድ ላይ መርገጥ አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከተዛነፈ መከላከያ ሪሌዎቹ በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ይቆርጡታል፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ደግሞ «መብራት ሄደ» ይላል። ይህን ለመቆጣጠር በየጣቢያው ያለውን መረጃ ወደ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ የሚያደርሰው በአብዛኛው በኃይል መስመሮች አናት ላይ ተዘርግቶ መብረቅ የሚከላከለው ሽቦ ነው። በሆዱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የፋይበር ክሮች ይዟል። ከትርፉም የቴሌኮም ኩባንያዎች እየተከራዩ ኢንተርኔት ያስተላልፉበታል። ከታች ግማሽ ሚሊዮን ቮልት፣ ከላይ የአንድ ሰው የቪዲዮ ጥሪ።

እዚህ ላይ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ግድቡ እኛ ዘንድ ሆኖ መብራቱ ለምን አልፎን ይሄዳል? አሶሳ ከግድቡ በአየር መስመር 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ አዲስ አበባ ከሦስት እጥፍ በላይ ትርቃለች። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ትቼ በምህንድስናው በኩል ያለውን ልናገር። ከ500,000 ቮልት ወደ 220 ለመውረድ ከ2,000 ጊዜ በላይ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ይህም በአንድ እርምጃ አይሆንም። 230፣ 132፣ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት እያለ ነው ወደ መንደር የሚወርደው። በእያንዳንዱ እርከን ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ሰርኪዩት ብሬከር ይፈልጋል። ትልቁ መስመር በአንድ መንደር አናት ላይ ስላለፈ ብቻ ለመንደሩ አንድ አምፖል አያበራም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሰበብ ሆኖ እንዲቀር ግን አይገባም። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም ከኤሌክትሪክ ውጭ ነው፤ የጎደለውም ውሃ ሳይሆን ይኸው መሰላል ነው።

ከግዙፉ ወደ ኢምንቱ እንውረድ። ግድቡ ሲሠራ ሕዝቡ በሞባይሉ ወደ 8100 ቁጥር አንዲት ፊደል እየላከ አዋጥቷል፤ በቦንዱም በሌላውም የተሰበሰበው ከ20 ቢሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ተነግሯል። ያን መልእክት የሚያስተላልፈው የጂኤስኤም የሞባይል መመዘኛ አንድ ተራ ስልክ ከማማው የሚመጣውን ሲግናል ምን ያህል ደካማ ቢሆን መስማት እንዳለበት ይደነግጋል። አንድ ዋት 100 ትሪሊዮን ቦታ ተከፍሎ ስድስቱ ቁራሽ ቢደርሰው ይበቃዋል። ይህን ከግድቡ 5,150,000,000 ዋት ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ከ8 ቀጥሎ 22 ዜሮ የሚደረደርበት ነው። በኪሳችን ያለው ሬዲዮ በዚያ ሹክሹክታ ውስጥ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚለውን ለይቶ ያነባል።

ስልኩን ቻርጅ ማድረግስ? ባለ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ሩቡ በመስመርና በቻርጀር ይባክን ብንል፣ ባዶውን ለመሙላት 77 ሊትር የዓባይ ውሃ መውረድ አለበት። ብዙ ይመስላል። ግን ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ 83 ሚሊዮን ደንበኞች ነበሩት፤ የሁሉም ስልክ ዛሬ ባዶ ሆኖ ዛሬውኑ ቢሞላ አንድ ዩኒት አምስት ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሠርቶ ይጨርሰዋል። የቀሩት 12ቱ ሳይነኩ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ኃይል ወዴት ይሄዳል? አንዱ መልስ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሰዎች «ዳታ ማይኒንግ» የሚሉት ነው፤ ሌላው ዓለም የቢትኮይን ቁፋሮ ይለዋል። በክሪፕቶ መገበያየት በሀገራችን አይፈቀድም፤ ለቁፋሮው ግን ኃይል በዶላር ይሸጣል። እኤአ በ2023 ይፋ የሆነውን አንትማይነር ኤስ21 የተባለ መሣሪያ እንይ። የጫማ ካርቶን የሚያክል ሳጥን ነው፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። 3,500 ዋት ይበላል፤ በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ጊዜ ይገምታል። የሚገምተው ቁጥር ነው፤ ሥራው ሌላ የለውም። መጀመሪያ ላይ ያነሣነው አንድ ሊትር ውሃ ለዚህ መሣሪያ ቢሰጥ 68 ትሪሊዮን ግምት ይገዛለታል። እኤአ በ2013 የወጣው የአንትማይነር የመጀመሪያ መሣሪያ በዚያው ሊትር 600 ቢሊዮን ብቻ ነበር የሚገምተው። በአሥር ዓመት ከ100 እጥፍ በላይ፤ የቺፕ መሐንዲሶች ሲባሉ እንዲህ ናቸው።

ትርፉስ? እኤአ በ2025 የዓለም ቢትኮይን መረብ በሰከንድ አንድ ዜታሃሽ ደረሰ፤ ከ1 ቀጥሎ 21 ዜሮ የሚደረደርበት ግምት ማለት ነው። ትክክለኛ ቁጥር ቀድሞ ለሚገምት የሚሰጠው ሽልማት ግን በየ10 ደቂቃው አንዴ ብቻ፣ ለአንድ ባለ ዕድል ነው። 200 ትሪሊዮን የሚገምተው ያ ጩኸታም ሳጥን ለብቻው ቢቀመጥ በአማካይ አንዴ ለመሳካት 95 ዓመት ይፈጅበታል። ቺፑ በተሻሻለ ቁጥር መረቡም ግምቱን ያከብዳልና ዓለም በሙሉ እየሮጠ እዚያው ይቆማል። አንዱን ባለ 400 ሜጋ ዋት ዩኒት ሙሉ በሙሉ ብናስረክበው 114,000 እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሠርተው የሚያሸንፉት ከዕለቱ 144 ሽልማቶች ሦስት ወይም አራት ነው።

እኤአ በ2024 መጨረሻ ላይ ይህ ሥራ ከሀገራችን መረብ 600 ሜጋ ዋት ያህል ይወስድ እንደነበር ተገምቷል። ኤሌክትሪክ ከየት እንደመጣ ምልክት የለውም፤ ሁሉም በአንድ መረብ ይቀላቀላል። ሆኖም በጉባ ውሃ ብንተምነው በየሰከንዱ ግማሽ ሚሊዮን ሊትር ነው፤ የዓባይ አማካይ ፍሰት ሢሶ። ውሃው አይጠፋም፣ ተርባይኑን ዞሮ ወደ ሱዳን ይፈሳል። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም እንደነበር ተዘግቧል። አንዱ ሳጥን በቀን 252 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያወጣውን ኃይል ተጠቅሞ የሚከፍለው 2 ዶላር ከ64 ሳንቲም መሆኑ ነው።

ይህን ንግድ ብክነት ነው ብለው የሚያወግዙ አሉ፤ አልስማማም። ማከፋፈያ ጣቢያው እስኪሠራ ድረስ ገዢ ያጣ ኃይል ከሞላ ሐይቅ ላይ ዝም ብሎ የሚፈስ ውሃ ነው፤ ዶላሩም ትራንስፎርመር ይገዛል። ኤሌክትሪክ ኃይል በ2017 ዓ.ም ክረምት ለአዳዲስ ማይነሮች ኃይል መስጠት ማቆሙን ሲያስታውቅ ደግሞ በጊዜው ያደረገው መስሎኛል። ምክንያቴ አንድ ቁጥር ነው። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ አንዱን ሳጥን ያህል። ልዩነቱ ምጣዱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ቤተሰብ ሲያበላ፣ ሳጥኑ 168ቱንም ሰዓት መገመቱ ነው። አንድ ሳጥን ሲነቀል ተራ ቢጠባበቁ ከ30 እስከ 40 ለሚደርስ ቤት ምጣድ የሚሆን ኃይል ይተርፋል።

ሒሳቡን ራስዎ ይሞክሩት። በቤትዎ ካለው ዕቃ ጀርባ የተጻፈውን ዋት ለ1,200 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት በሰከንድ ጉባ ላይ መውረድ ያለበት ሊትር ነው። ኃላፊዎቹንም አንድ ነገር እንጠይቅ። በየዓመቱ ስንት ጊጋ ዋት ሰዓት እንደተመነጨ ሲነግሩን፣ ከጉባና ከአሶሳ ጀምረው በየወረዳው ስንት አዲስ ትራንስፎርመር እንደተተከለ አብረው ይንገሩን።