ያውቁ ኖሯል? ደፋር ልጅ የሚወጣው ከእናት ጭን ነው

ስለ እናትና ልጅ ትስስር ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው ትምህርት አንዱ መነሻው ዩጋንዳ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ቤት ለቤት እየዞሩ 26 እናቶችንና 28 ሕፃናትን አጠኑ።

ያዩት እያንዳንዷ እናት የምታውቀውን ነው፦ ሕፃኑ ከጭን ወርዶ እየዳኸ ይርቃል፤ ያገኘውን ይነካካል፤ ዞር ብሎ እናቱን ያያል፤ ሲደነግጥ ተመልሶ ይለጠፍባታል። የልጃቸውን ፍላጎት ቶሎ የሚረዱ እናቶች ልጆች ይበልጥ የተረጋጉና ብዙ የማያለቅሱ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1967 በመጽሐፍ ታተመ።

ስለዚህ ልጅዎ ሲያለቅስ ፈጥነው ይቀፉት። የሚያለቅስን ሕፃን ማቀፍ ማሞላቀቅ አይደለም፤ ዓለምን ደፍሮ እንዲያይ ብርታት መስጠት ነው።