የሌለውን ኪቦርድ ማን ይፍጠረው?

በላፕቶፕ ላይ የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራም ከፍተን የካሜራዎችን ዝርዝር ብናይ ሁለት ስም ልናገኝ እንችላለን። አንደኛው ከስክሪኑ በላይ የተገጠመው ትንሽ ሌንስ ነው። ሁለተኛው ሌንስም ሽቦም የለውም፤ ኦቢኤስ የተባለው የቀረጻ ሶፍትዌር የፈጠረው ምናባዊ ካሜራ ነው። የስብሰባው ፕሮግራም ግን እንደ ማንኛውም ካሜራ ምስል ይጠይቀዋል፣ ምስልም ይቀበላል። በዚሁ መንገድ ያልተሰካ ኪቦርድ፣ ያልተገዛ የጨዋታ መቆጣጠሪያ፣ ገመድ የሌለው የኔትወርክ ካርድ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሊኖር ይችላል። አብዛኛው የቪፒኤን ተጠቃሚ፣ ባያውቀውም፣ ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ አለው።

እነዚህን መሣሪያዎች ማን ይፍጠራቸው? ከስርዓተ ክወናው ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ድራይቨር ወይስ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ተከፍቶ የሚዘጋ ሶፍትዌር? ጥያቄው የባለሙያዎች የውስጥ ጉዳይ ይመስላል። መልሱ ግን ኮምፒውተራችን በምን ያህል ቀላል ስህተት እንደሚቆም፣ ከዚያም በላይ አዲስ መሣሪያ የመፍጠር አቅም በማን እጅ እንደሚቀር ይወስናል።

የስርዓተ ክወና እምብርት ከርነል ይባላል። ፕሮሰሰሩ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው ለእርሱ ነው፤ የትኛውንም የሜሞሪ ክፍል ማንበብ፣ የትኛውንም ሃርድዌር ማዘዝ ይችላል። ተራ ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዳቸው በተከለለላቸው ሜሞሪ ውስጥ ይሠራሉ። አንዱ ከክልሉ ሊወጣ ቢሞክር ፕሮሰሰሩ ያግደዋል፣ ከርነሉ ይዘጋዋል፣ ሌላው ሥራ ይቀጥላል። ከርነል ውስጥ የገባ ድራይቨር ይህ አጥር የለበትም። አንድ የተሳሳተ የሜሞሪ አድራሻ ቢነካ መላው ኮምፒውተር ሊቆም ይችላል።

ደግሞም ድራይቨሮች ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሊነክስ ከርነልን ኮድ መርምረው፣ በድራይቨሮች ውስጥ ያለው የስህተት መጠን ከቀረው የከርነል ክፍል እስከ ሰባት እጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ዓለም በሙሉ ይህን በዓይኑ አየ። ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ የላከውን ጉድለት ያለበት ፋይል ከርነል ውስጥ የሚሠራው የራሱ ድራይቨር ሲያነበው፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ከሥራ ውጭ ሆኑ። በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ። ያ ድራይቨር ምናባዊ መሣሪያ አልነበረም። የተቀመጠበት ቦታ ግን ብዙ ምናባዊ መሣሪያዎች ዛሬም የሚቀመጡበት ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ ጸሐፊዎችም ቅርብ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መስፈርት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆሄያችን ከሁለት መቶ በላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ የሚበቃ ቁልፍ በኪቦርዱ ላይ የለም፤ ስለዚህ በመካከል የሚያቀናብር ሶፍትዌር ያስፈልገናል። ኤልንና ዩን በተከታታይ ስንመታ ሉ የሚያወጣልን እርሱ ነው። ይህ ሥራ ከርነል ውስጥ መግባት የለበትም ስል ምክንያት አለኝ። ዊንዶውስ የኪቦርድ አቀማመጥ ፋይሎችን ከርነሉ ውስጥ ይጭናል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ስታክስኔት የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ነበር። ሆን ተብሎ የተዛባ የአቀማመጥ ፋይል አቀረበ፤ ከርነሉ በፋይሉ ውስጥ ያለውን አንድ ቁጥር ወሰኑን ሳያጣራ ተጠቀመበት፤ አጥቂው የከርነልን ሥልጣን ያዘ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የደፈነው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል ያወጣል የሚል ሰንጠረዥ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ለመስረቅ በቃ።

ከዚህ በተቃራኒ የሚታየኝ ምርጥ ምሳሌ የሊነክሱ ዩኢንፑት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ዩኢንፑት የሚባለውን ልዩ ፋይል ይከፍታል። የሚፈጥረው ኪቦርድ ስሙ ማን እንደሆነ፣ የትኞቹ ቁልፎች እንዳሉት ይገልጻል፣ ከዚያም እንዲፈጠር ያዛል። ከርነሉ አዲስ ኪቦርድ የተሰካ ያህል ቆጥሮ ለሌሎች ፕሮግራሞች ያሳውቃል። ከርነሉ ያበረከተው ትንሽ፣ ለሁሉም የጋራ የሆነና ብዙ ዓይን የመረመረው መግቢያ ነው። መሣሪያው ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ረጅሙ ኮድ በሙሉ ውጭ ቀርቷል።

በጣም የምወደው ግን የመሣሪያው ዕድሜ ከፕሮግራሙ ዕድሜ ጋር መታሰሩ ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ፣ በስህተት ሲወድቅም ቢሆን፣ የከፈተው ፋይል አብሮ ይዘጋል፤ ምናባዊው ኪቦርድም እንደተነቀለ ይጠፋል። ቁልፎችን የሚያቀያይሩ ፕሮግራሞች በዚህ ላይ ተመሥርተው ይሠራሉ። እውነተኛውን ኪቦርድ ለብቻቸው ይይዙታል፣ የተመታውን ያነባሉ፣ የተቀየረውን በምናባዊው በኩል ያወጣሉ። ፕሮግራሙ ቢሞት ከርነሉ እውነተኛውን ኪቦርድ ወዲያው ይለቀዋል፤ ተጠቃሚው ያለ ኪቦርድ አይቀርም። አንድ ገደብ ግን አለ። በዩኢንፑት የሚያልፈው የቁልፍ ቁጥር ስለሆነ ሀ ወይም ጨ ራሱ በዚህ በኩል አይላክም። ለአማርኛ ትክክለኛው ቦታ ከዚያም ከፍ ያለ ነው፤ በሊነክስ ላይ አይባስን የመሳሰሉ የጽሑፍ ማስገቢያ ሥርዓቶች ያሉበት ማለት ነው።

ካሜራ ላይ ስንደርስ ሊነክስ ተመሳሳይ መልስ አልሰጠም። ኦቢኤስ በሊነክስ ላይ ምናባዊ ካሜራ እንዲኖረው ቪፎርኤልቱ ሉፕባክ የተባለ የከርነል ሞጁል መጫን አለበት። ሞጁሉ ከዋናው ከርነል ውጭ ስለሚዘጋጅ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደገና መገንባት አለበት፤ ካልተገነባ ካሜራው የለም። ለረጅም ጊዜ የካሜራዎቹ ብዛት የሚወሰነውም ሞጁሉ በሚጫንበት ሰዓት ነበር። ምስል የሚልክ ፕሮግራም ባይኖርም እንኳ መሣሪያው በዝርዝሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ድራይቨሩ ተጠቃሚው መቼና ስንት ካሜራ እንደሚፈልግ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ይገምታል።

ከከርነል መውጣት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ደግሞ ከአፕል እንማራለን። በማክ ኮምፒውተሮች ላይ የቀድሞዎቹ ምናባዊ ካሜራዎች ተራ ኮድ ነበሩ፤ ነገር ግን የሚጫኑት በራሱ በስብሰባው ፕሮግራም ሜሞሪ ውስጥ ነበር። ካሜራው ሲወድቅ ስብሰባውን ይዞ ይወድቃል፤ ክፉ ሐሳብ ካለው የስብሰባውን ምሥጢር ሁሉ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ማክኦኤስ 12.3 አፕል ካሜራውን ለብቻው በተከለለ ፕሮግራም የሚያስኬድ አዲስ አሠራር አመጣ። ስርዓተ ክወናው በመካከል ቆሞ ምስሉን ብቻ ያሻግራል። እኔ ትክክለኛ የምለው ቅርጽ ይህ ነው።

የድራይቨር ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ ፍጥነት ነው፤ ልንሸሸው አይገባም። መረጃ ከፕሮግራም ወደ ከርነል፣ ከከርነል ወደ ፕሮግራም በተሻገረ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ዋጋ ይከፍላል። ኪቦርድ ላይ ይህ ዋጋ አይታይም፤ እጅግ ፈጣን ጸሐፊ እንኳ በሴኮንድ ጥቂት አሥር ቁልፎችን ቢመታ ነው። ያልታመቀ የ1920 በ1080 ቪዲዮ፣ ለአንድ ነጥብ 2 ባይት ይዘን በሴኮንድ በ30 ምስል ብናሰላው፣ 124 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል። ይህም ቢሆን ሁለቱ ወገኖች አንድ የሜሞሪ ክፍል ከተጋሩ ሳይገለበጥ ይተላለፋል። ኔትወርክ ግን ይከብዳል። በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ መደበኛ መጠን ያላቸው ጥቅሎች በሴኮንድ ከ800 ሺህ በላይ ይሆናሉ፤ ቪፒኤኑ ከከርነል ውጭ ከሆነ እያንዳንዱ ጥቅል ወደ ፕሮግራሙ ወጥቶ፣ ተመስጥሮ፣ ተመልሶ መግባት አለበት።

ለዚህ ነው ዋየርጋርድ የተባለው የጄሰን ዶነንፌልድ የቪፒኤን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሊነክስ 5.6 ከርነል ውስጥ ሲካተት የተቃወምኩት ነገር የሌለው። ኮዱ ወደ 4 ሺህ መስመር ገደማ ብቻ በመሆኑ አንድ ሰው ተቀምጦ ሊመረምረው ይችላል። ቢሆንም እዚያም ምናባዊው የኔትወርክ ካርድ በራሱ አይወለድም። ፍጠር፣ ቁልፉ ይህ ነው፣ አጥፋ የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ከተጠቃሚው መሥሪያ ነው፤ ከርነሉ መረጃውን ያመላልሳል። ክርክሩ የሚጠላለፈው ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ ስለምንይዛቸው ይመስለኛል። መሣሪያው ይኑር ብሎ የሚያዝ ማን ነው? መረጃውንስ የሚያመላልስ ማን ነው? የሁለተኛው መልስ እንደ ጭነቱ ይለያያል። የመጀመሪያው መልስ ግን ሁልጊዜ የተጠቃሚው ፕሮግራም መሆን አለበት።

ሊነክስ ተመሳሳይ ፈተና ቀደም ሲል በመሣሪያ ስያሜ ላይ ገጥሞት ነበር። ዴቭኤፍኤስ የተባለው አሠራር የመሣሪያዎችን ስም ከርነሉ ራሱ እንዲወስን አድርጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ግሬግ ክሮሃርትማን ያስተዋወቀው ዩዴቭ ውሳኔውን ወደ ተራ ፕሮግራም አወጣው፤ የቀድሞው አሠራርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከከርነሉ ተወገደ።

የሚያሳስበኝ ነገር ደኅንነት ነው። ምናባዊ ኪቦርድ መፍጠር የቻለ ፕሮግራም በስምህ ይጽፋል፤ የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ፋይልህን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዩኢንፑት በአብዛኛው ሊነክስ ላይ ለአስተዳዳሪ ብቻ የተፈቀደ ነው። ታዲያ ድራይቨር ይሻላል? አይመስለኝም። ዊንዶውስ ድራይቨሮች ዲጂታል ፊርማ እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ አጥቂዎች ግን በሕጋዊ መንገድ የተፈረመ ነገር ግን ቀዳዳ ያለበት ድራይቨር ራሳቸው ይዘው መጥተው በእርሱ በኩል ከርነል ይገባሉ። ፊርማ የጸሐፊውን ማንነት ይናገራል፤ የኮዱን ጤንነት አይናገርም።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ለማን እንደሆነ ስናስብ ምርጫው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። እጁን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በዓይኑ ወይም በጭንቅላቱ እንቅስቃሴ የሚያዘው ማውዝ፣ በድምፅ የሚሠራ ኪቦርድ፣ ለአንድ ተማሪ ብቻ የተሠራ መቆጣጠሪያ፣ ሁሉም ምናባዊ መሣሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። የከርነል ድራይቨር መጻፍ ብርቅ ሙያ ነው። በዩኢንፑት ግን ፓይተን የሚያውቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጥቂት አሥር መስመሮች ሊፈጥራቸው ይችላል፤ ቢሳሳትም የሚወድቀው ፕሮግራሙ ነው።

የጎደለው ፈቃዱን መከፋፈል ነው። ዛሬ ዩኢንፑትን የመክፈት ፈቃድ ያገኘ ፕሮግራም የጨዋታ መቆጣጠሪያ ብቻ ፍጠር፣ ኪቦርድ ግን አትፍጠር ሊባል አይችልም፤ ወይ ሁሉም ይፈቀድለታል ወይ ምንም። እንደ ሊብኢአይ ያሉ አዳዲስ ሥራዎች ግብዓት ለመላክ የሚፈልግን ፕሮግራም በስክሪኑ አስተዳዳሪ በኩል እንዲያልፍ በማድረግ ተጠቃሚው እንዲጠየቅ መንገድ ከፍተዋል። ያው ጥያቄ ለካሜራውም፣ ለማይክሮፎኑም፣ ለኔትወርክ ካርዱም በስክሪኑ ላይ መውጣት አለበት፤ የፕሮግራሙን ስምና ሊፈጥረው የሚፈልገውን መሣሪያ ዓይነት ለይቶ።