የካዛንችስ ካርታና የቀኝ ጠቅታ ምናሌ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የካዛንችስ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። «ከእገሌ ሱቅ ጀርባ» ይባል የነበረው አድራሻ ሱቁ ከሌለ አይሠራም፤ የሚቀረው በካርታ ላይ ያለው ነጥብ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ በተሰኘው ነጻ የዓለም ካርታ ድረ ገጽ ላይ አንድን ቦታ በማውዝ ቀኝ አዝራር ለተጫነ ሰው፣ በዚያው ነጥብ ማስታወሻ ለመጨመር የሚያስችል ምናሌ ይከፈትለታል።

ይህን መሰል ምናሌ በሌላ የካርታ መተግበሪያ ላይ ለመጨመር ኮዱ «ኮንቴክስትሜኑ» የተባለውን ክስተት ይጠብቃል፤ ሲደርሰው የብራውዘሩን ምናሌ አግዶ የራሱን ያሳያል። እገዳው ግን በካርታው ክልል ብቻ ሊወሰን ይገባል፤ በጽሑፍ ሳጥን ላይም ከተጣለ ተጠቃሚው «ለጥፍ» የሚለውን አማራጭ ያጣል። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ነው፦ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ መመዝገብ ያለባቸው ጠቅታው በተደረገበት ቅጽበት እንጂ አማራጩ ሲመረጥ አይደለም። ያለዚያ ለፈረሰው ቤት የታሰበው ማስታወሻ፣ ጠቋሚው ምናሌው ላይ ባረፈበት ስፍራ፣ ምናልባትም በጎረቤት ግቢ ላይ ይሰፍራል።

በስልክ ላይ ቀኝ አዝራር የለም። በአንድሮይድ ጣትን ተጭኖ ማቆየት ያንኑ ክስተት ያስነሣል፤ በአይፎን ግን በዚህ መተማመን ስለማይቻል፣ በግልጽ የሚታይ አዝራር በካርታው ጠርዝ አብሮ መቀመጥ አለበት።