ኀፍረት የሚሸሽገው በሽታ፤ ስለ ዘር ፍሬ ነቀርሳና ከእርሱ ስለ ዳኑ ሰዎች ኑሮ

በዚህ ገጽ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፤ ስለ እናቶች ጤንነትና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ግን አባት ለልጁ፤ ወንድም ለወንድሙ፤ ባልም ለሚስቱ ስለማይነግረው ነገር ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል። አባት ልጁን ትምህርት ቤት ይሰደዋል፤ ታላቅን ማክበርና በአደባባይ መናገርን ያስተምረዋል፤ ከወገቡ በታች ስላለው ሰውነቱ ግን አንዲት ቃል ሳይነግረው ለጕልምስና ያደርሰዋል። ልጁም አድጎ በዚያ ስፍራ አንዳች ነገር ያገኘው እንደ ሆነ ለማን መናገር እንደሚገባው ስለማያውቅ ዝም ይላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባለ ሲተረት እንሰማለን፤ በዚህ በሽታ ግን ነገሩ ከተረትነት አልፎ በቍጥር የተረጋገጠ ሆኗል።

በሽታው የዘር ፍሬ ነቀርሳ ይባላል፤ የዘር ፍሬ ማለትም በተራ ቃል ቆለጥ የምንለው ነው። ነቀርሳ በጠቅላላው ዕድሜው የገፋውን ሰው አዘውትሮ የሚይዝ ሲሆን፤ ይህኛው ከነቀርሳ ወገን ጠባዩ ልዩ ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከ15 እስከ 40 ዓመት ያለውን፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘውን ወይም ትዳር ያሰበውን ጐልማሳ ነው። ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ አይደለም። በ2020 ዓመት በዓለም ሁሉ 74,000 ያህል ወንዶች እንደ ተያዙበትና 9,000 ያህል እንደ ሞቱበት ተገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ይልቁንም የሚበዛው በኖርዌይና በዴንማርክ ነው፤ በአፍሪካና በእስያ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን በሽታው ጥቂት በሆነበት አገር ከታመሙት መካከል የሚሞቱት ድርሻ ይበልጣልና፤ ጥቂት ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ የማያም ነው፤ ክፋቱም በዚህ ላይ ነው። በአንደኛው ፍሬ ላይ ጠጠር የመሰለ፤ ሲነኩት የማይቈረቍር እባጭ ይወጣል፤ ወይም ፍሬው እንዳለ እየጠጠረና እየከበደ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜም በብሽሽትና በሆድ ታች ቀላል ሕመም ይሰማል። ሰው የሚያመውን ነገር ለሐኪም ለማሳየት ይቸኵላል እንጂ የማያመውን ማን ብሎ ያሳያል? ብዙ ጐልማሶችም እባጩን ሲያገኙት ምክንያት ይፈልጉለታል፤ ኳስ ስጫወት ተመትቼ ነው፤ ከብስክሌት ወድቄ ነው፤ ከባድ ዕቃ አንሥቼ ነው ይላሉ። ምት ነቀርሳን እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም፤ የተመታ ሰው ግን ስፍራውን ስለሚዳስስ አስቀድሞ የነበረውን እባጭ ያን ጊዜ ያገኘዋል። እንዲህ እየተባለ ሳምንት ወር ይሆናል፤ ወርም ይደራረባል። ነቀርሳው በዚህ ጊዜ ወደ ሆድ ውስጥ ዕጢዎች፤ ከዚያም ወደ ሳንባ ይሻገራል፤ ሰውየውም ወገቡን ሲያመው ወይም ሲያስለው ስለ ወገቡና ስለ ሳሉ ብቻ ለሐኪም ይናገራል፤ ዋናውን ነገር አሁንም ይደብቃል።

ሐኪም ዘንድ የሄደ እንደ ሆነ የሚደረግለት ምርመራ የሚያስፈራ አይደለም። ሐኪሙ በእጁ ይዳስሳል፤ አልትራሳውንድ በሚባለው፤ በድምፅ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ ይመለከታል፤ ደሙንም ያስመረምራል፤ ይህ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ በደም ውስጥ የራሱን ምልክት ይተዋልና። ጥርጣሬው የጸና እንደ ሆነ የታመመውን ፍሬ በብሽሽት በኩል ቀዶ ያወጣዋል። ከረጢቱን በመርፌ መውጋት ግን ለበሽታው አዲስ መንገድ መክፈት ስለሚሆን ሐኪሞች ይከለክሉታል። ይህን ቀዶ ጥገና ብዙ ሰው እንደ መሰለብ አድርጎ ይፈራዋል፤ ነገሩ ግን ከመሰለብ እጅግ የራቀ ነው። የቀረው አንዱ ፍሬ ደኅና ከሆነ ለወንድነት ኃይልም ልጅ ለመውለድም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በአሜሪካ በተያዘው ቍጥር በሽታው ከስፍራው ሳይወጣ ከታወቀባቸው ከ100 ሰዎች 99ኙ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ፤ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሻገረ በኋላ የታወቀባቸው እንኳ ከ100 ከ70 የሚበልጡት ይተርፋሉ።

ይህ ሁሉ ከጥንት የነበረ ነገር አይደለም፤ አመጣጡም ሊነገር የሚገባው ታሪክ ነው። በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርኔት ሮዘንበርግ የሚባል ሊቅ የኤሌክትሪክ ኃይል በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን ላይ ምን እንደሚያደርግ ይመረምር ነበር። ነቀርሳን አላሰበም። ኤሌክትሪኩን ወደ ውሃው ለማስገባት ፕላቲን ከሚባለው ክቡር ማዕድን የተሠሩ ዘንጎች ቢጠቀም፤ ተሕዋስያኑ መከፈልና መባዛት ትተው እንደ ክር እየረዘሙ ሄዱ። ነገሩን ሲያጠና ይህን ያደረገው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከዘንጎቹ እየሟሟ ወደ ውሃው የገባው ፕላቲን መሆኑን ደረሰበትና በ1965 ዓመት አሳተመ። ይህ ቅመም ኋላ ሲስፕላቲን ተብሎ የተጠራው ነው፤ ሚኬሌ ፔይሮኔ የሚባል ኢጣልያዊ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሠርቶት ነበር፤ ነገር ግን ለመድኃኒት እንደሚሆን ያወቀ አልነበረም። ነቀርሳም ያለ ልክ የሚባዛ ሕዋስ ነውና ሮዘንበርግ መባዛትን የሚያቆመውን ቅመም በአይጦች ነቀርሳ ላይ ፈትኖ በ1969 ዓመት እባጩ እንደ ጠፋ አስታወቀ።

በ1974 ዓመት ሎውረንስ አይንሆርን የሚባል ወጣት ሐኪም በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ይህን መድኃኒት ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋራ አድርጎ የዘር ፍሬ ነቀርሳ በሰውነታቸው ለተሠራጨባቸው ጐልማሶች መስጠት ጀመረ። መጀመሪያ የተሰጠው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ በሽታው ሳንባው ደርሶ የቀድሞው መድኃኒት ሁሉ እንቢ ብሎት ሳለ ዳነ፤ ከዚያ ወዲያም ብዙ ዓመት ኖሮ የልጆች አባት ሆነ። ከዚያ በፊት በሽታው ከተሠራጨባቸው ከ100 ሰዎች የሚድኑት 10 አይሞሉም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን 80 ያህል መዳን ጀመሩ። መድኃኒቱ ብርቱ ስለ ሆነ ማቅለሽለሹና ትውከቱ ሰውን እጅግ ያዳክም ነበር፤ ኵላሊትንም ይጐዳል፤ ሆኖም ሐኪሞች ብዙ ውሃ በደም ሥር በመስጠትና ትውከትን የሚከለክል መድኃኒት በመጨመር ሸክሙን አቅልለውታል።

ከዳኑት ሁሉ ስሙ በዓለም የታወቀው ላንስ አርምስትሮንግ የሚባለው የብስክሌት እሽቅድድም ሰው ነው። በጥቅምት 1996 ዓመት፤ በ25 ዓመት ዕድሜው፤ ደም እየሳለና ፍሬው አብጦ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ነቀርሳው ሳንባውና አንጐሉ ደርሶ ተገኘ። እብጠቱን አስቀድሞ አይቶት ሳለ ከብስክሌት መቀመጫ የመጣ ነው ብሎ ችላ ብሎት እንደ ነበረ ኋላ ራሱ ተናግሯል። በኢንዲያናፖሊስ ታክሞ ዳነ። መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ዘሩን በበረዶ ቤት አስቀምጦ ነበርና በ1999 ዓመት ከዚያው ዘር ወንድ ልጅ ተወለደለት። በእሽቅድድም ያገኘውን የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊነት ሁሉ በተከለከለ መድኃኒት ተጠቅመሃል ተብሎ በ2012 ዓመት ተገፎ በኋላም ራሱ አምኗል፤ ያ ፍርድ በሚገባ የተሰጠ ነው። የበሽታውን ስም ግን በአደባባይ አፍ ሞልቶ የጠራ እንደ እርሱ ያለ ሰው ከዚያ በፊት ብዙ አልነበረም፤ ይህን ልናስቀርበት አይገባም።

ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ጥያቄ የዳኑት ሰዎች እንዴት ይኖራሉ የሚለው ነው። በ25 ዓመቱ የዳነ ሰው ገና አርባና ሃምሳ ዓመት ይኖራልና ጥያቄው ቀላል አይደለም። ይህን አጥብቀው ከመረመሩት መካከል በኖርዌይ አገር በኦስሎ ከተማ ሶፊ ፎሶና ባልንጀሮቿ ይገኛሉ። በ2005 ዓመት በታተመ ጥናት 1,400 ያህል ከታከሙ በአማካይ 11 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ተጠይቀው ነበር። በጠቅላላው ኑሯቸው ከሌላው ሰው ኑሮ ብዙ የራቀ ሆኖ አልተገኘም፤ ይሠራሉ፤ ያገባሉ፤ ቤታቸውን ይመራሉ። የኀዘንና የትካዜ በሽታም ከሌላው ሰው አልበዛባቸውም። ጭንቀት ግን በዝቶባቸዋል፤ ከሌላው ሕዝብ ከ100 ሰው 13 ወይም 14 የሚያገኘው ብርቱ ጭንቀት ከእነርሱ 19ኙን አግኝቷል። በሽታው ይመለስብኝ ይሆን የሚለው ሐሳብ ሰው ከዳነ ከዓሥር ዓመት በኋላም አይለቅም። በእኔ አስተያየት ቍጥሩ ከዚህም ሳይበልጥ አይቀርም፤ እባጩን ለመናገር ያፈረ ሰው ፍርሃቱን ለመናገር ቢያፍር የሚያስደንቅ አይደለምና።

በሰውነትም የሚቀር ነገር አለ። ብዙ ሲስፕላቲን የወሰደ ሰው የጣቱና የእግሩ ጫፍ ይደነዝዛል፤ ብርድ ሲነካው ጣቱ ይነጣል፤ ጆሮው ይጮኻል ወይም ቀጭን ድምፅ አይሰማም፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ በደሙ ውስጥ የፕላቲን ርዝራዥ ይገኛል። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ የልብ በሽታ ከሌላው ሰው ይልቅ ያሠጋዋልና ትንባሆ መተውና የደም ግፊቱን ማስለካት ይገባዋል። በአንዳንዱም የወንድነት ሆርሞን ይጐድልና ድካምና የስሜት መቀዝቀዝ ይመጣል፤ ይህ ግን በደም ምርመራ የሚታወቅና በመድኃኒት የሚተካ ነገር ነው።

እነዚሁ የኖርዌይ ሊቃውንት በዚያው ዓመት ያሳተሙት ሌላ ጥናት ስለ ልጅ መውለድ ነው። ከሕክምናው በኋላ ልጅ ከፈለጉት መካከል በ15 ዓመት ውስጥ፤ በበረዶ ያስቀመጡትን ዘር ሳይጠቀሙ፤ ከ100 ሰዎች 71ዱ አባት ለመሆን በቅተዋል። ዝርዝሩ ግን ከድምሩ ይልቅ ያስተምራል። በሽታቸው በጊዜ ታውቆ ፍሬው ብቻ ወጥቶላቸው ያለ ሌላ መድኃኒት በሐኪም ዓይን ሲጠበቁ የቈዩት ከ100 እጅ 92ቱ ወልደዋል፤ በሽታቸው ጸንቶ ብዙ መድኃኒት የወሰዱት ግን 48ቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ወገን ከሞት ድኗል፤ የዳኑበት ዋጋ ግን እኩል አይደለም። እንግዲህ ቶሎ የተናገረ ሰው የሚያተርፈው ነፍሱን ብቻ ሳይሆን ጆሮውን፤ ጣቱንና ልጁንም ነው። መድኃኒቱን መውሰድ የግድ የሆነበትም ሰው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ዘሩን የማስቀመጥ መንገድ እንዳለ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ከጀመረ በኋላ መጠየቅ ብዙ አይረዳውም።

ሚስት ወይም እጮኛ የሆነች ሴትም ነገሩን ማወቅ ይገባታል። በሽታው ከባል ወደ ሚስት አይተላለፍም፤ የግብረ ሥጋ ግንኙነትንም አይከለክልም። አንዳንድ ጊዜ እባጩን አስቀድማ የምታየው፤ ባልዋንም አስጨንቃ ሐኪም ዘንድ የምትሰደው እርሷ ናት። ያገባ ሰው ለሐኪም ከመናገሩ በፊት ለሚስቱ ቢናገር የሚያፍርበት ነገር እኩሌታው ይቀልለታል።

ሰው በየወሩ ራሱን እየዳሰሰ ይመርምር ወይስ አይመርምር በሚለው ነገር ሊቃውንት አልተስማሙም። በአሜሪካ ስለ በሽታ መከላከል ምክር የሚሰጠው የሊቃውንት ጉባኤ በ2011 ዓመት ምልክት ለሌለው ሰው አያስፈልግም ብሏል፤ ምክንያቱም በሽታው ጥቂት ስለ ሆነና ዘግይቶ የታወቀውም ብዙ ጊዜ ስለሚድን በከንቱ መደንገጥ ይበዛል የሚል ነው። ሌሎች ማኅበሮች ደግሞ የሚያዝያን ወር ለዚህ በሽታ ማስታወሻ አድርገው ጐልማሶች ሰውነታቸውን እንዲያውቁ ይመክራሉ። የአሜሪካው ጉባኤ አሳብ መድኃኒቱና ሐኪሙ በቅርብ ለሚገኝበት አገር የቀና ነው። እንደ እኛ ባለ አገር ግን ከገጠር ተነሥቶ የነቀርሳ ሕክምና ወደሚሰጥበት፤ ለምሳሌ ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፤ ለመድረስ ብዙ ወጪና ጊዜ ለሚያስፈልገው ሰው መዘግየት እንዲህ ቀላል አይደለም። ሙቅ ውሃ ከታጠቡ በኋላ ሁለቱን ፍሬዎች በጣት ቀስ አድርጎ ማገላበጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንዱ ከአንዱ ትንሽ ቢበልጥ ወይም ዝቅ ቢል የተፈጥሮ ነው፤ ከበስተ ኋላ የሚዳሰሰውም ለስላሳ ጅማት የበሽታ ምልክት አይደለም።

እናቶችን የሚመለከተውንም ሳንነግራቸው አንቀርም። አንዳንድ ወንድ ሕፃን ሲወለድ አንደኛው ፍሬ ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ በሆዱ ወይም በብሽሽቱ ይቀራል። እንዲህ ያለው ልጅ ካደገ በኋላ በዚህ ነቀርሳ የመያዙ ሥጋት ከሌላው ይበልጣል። በስዊድን አገር በዚህ ምክንያት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 17,000 ያህል ወንዶች ታሪክ ተመርምሮ በ2007 ዓመት ሲታተም፤ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የታከሙት ሥጋታቸው ከሌላው ሕዝብ ሁለት እጥፍ፤ ከዚያ በኋላ የታከሙት ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ ሐኪሞች ሕፃኑ 18 ወር ሳይሞላው እንዲታከም ይመክራሉ። ስለዚህ ልጁን የምታጥብ እናት ወይም ሞግዚት ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ከሁለቱ አንዱን በስፍራው ያላገኘች እንደ ሆነ ለሐኪም ታሳየው። ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፤ ሕፃኑም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሥጋቱ ግን ፈጽሞ ስለማይጠፋ፤ ልጁ 15 ዓመት በሞላው ጊዜ በሕፃንነቱ ይህ እንደ ተደረገለት አባቱ ይንገረው።