የጥርስ ብሩሽና ወንፊት ካርታ ሲሠሩ

«ብሩሽ የለም» ብሎ ያለ መርጃ መሣሪያ ክፍል የሚገባ መምህር ጥቂት አይደለም። እኛም ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ለአምስተኛ ክፍል የኢትዮጵያን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታ እንድናዘጋጅ ስንታዘዝ በእጃችን የነበረው ጠጉሩ የረገፈ አንድ ብሩሽ ነበር። በዚያችው ደጋውን ቡናማ፣ ወይና ደጋውን ቢጫ፣ ቆላውን አረንጓዴ ቀብተን ገባን። ታዲያ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ መስመሩ ላይ ግንብ አለ እንዴ?» አለን።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ማታ ግን ነገሩ ከነከነን። ልጁ ያየው ልክ ነው። ብሩሽ ቀለሙን አንድ ወጥ አድርጎ ይለጥፍና ጠርዙ ላይ ይቆርጠዋል። ከ4500 ሜትር በላይ ካለው ከራስ ዳሸን ተነስቶ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ እስከሚወርደው እስከ ዳሎል ያለው መሬት ግን እንዲህ በመስመር አይለይም፤ አንዳንዱ ቦታ ገደል ቢሆንም ብዙው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።

መፍትሔው ከመኝታ ክፍላችንና ከወጥ ቤት ተገኘ። የካርታውን ቅርጽ ከካርቶን ቆርጠን አወጣንና የቀረውን ክፈፍ ወረቀቱ ላይ ደፋነው፤ ውጪው እንዳይበከል ነው። ከዚያ ወንፊቱን ከላይ ይዘን ቀለም የነካ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግንበት። የብሩሹ ጠጉር ሽቦው ላይ ይጎብጥና ሲለቀቅ እንደ ስፕሪንግ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ቀለሙን ደቃቅ ነጠብጣብ አድርጎ ይረጨዋል። ወንፊቱ ስንዝር ያህል ከፍ ሲል ነጠብጣቡ ይጠጋጋል፤ ክንድ ያህል ሲርቅ ይሳሳል። ተራራው ላይ ዝቅ፣ ወደ ቆላው ስንሄድ ከፍ አደረግን፤ ቡናማው እየሳሳ ሄዶ አረንጓዴው ውስጥ ጠፋ። መስመር የለ፣ ግንብ የለ።

መጀመሪያ ላይ ሁለት ወረቀት አበላሽተናል። ቀለሙ ስለቀጠነ ጠብ ጠብ እያለ ወደቀ። ውፍረቱ ከአጥሚት ጠጠር፣ ከሊጥ ቀጠን ማለት አለበት፤ ብሩሹም አስቀድሞ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ይራገፍ።

ዘዴው የእኛ ፈጠራ አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቱሉዝ ሎትሬክ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ለሠራቸው የሊቶግራፍ ሥዕሎች ቀለም በጥርስ ብሩሽ ይረጭ ነበር።

አሁን የማያኮራንን እንናገር። ወንፊቱን የተዋስነው ከምግብ ቤታችን እትዬ ነው። «ዱቄት ልነፋበት ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ እሺ?» ብለው ነበር የሰጡን። አንዳችን የውሃ ቀለም ሲያልቅ የዘይት ቀለም ጨመረበትና ደረቀ። በነጭ ጋዝ ብናሸው የሽቦው ቀዳዳ አልከፈት አለ፤ ቢከፈትስ ማን ይበላበታል! አንዳንድ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት አለበት። ቀለም የነካ ዕቃ ወደ ማዕድ አይመለስም። ከኪሳችን አዋጥተን አዲስ ወንፊት ገዛንላቸው። እሳቸውም ተቀብለው፣ «አሮጌውን ውሰዱት፣ ስሙን ጻፉበት» አሉን። «የቀለም» ብለን ጻፍንበት፤ አሁን መርጃ መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሏል።

የፍሊት መርጫ የተሻለ ይረጫል የሚሉ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ ይረጫል። ግን መርዝ የቆየበትን ዕቃ፣ ታጥቧል ቢባል እንኳ፣ ለልጅ እጅ አንሰጥም።

ካርታውን በሳምንቱ ይዘን ተመለስን። ያው ልጅ ቀረብ ብሎ በጣቱ ከራስ ዳሸን ጀምሮ ወደ ታች ወረደ፤ የት ጋ ቆላ እንደጀመረ ሊያሳየን ፈልጎ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ፣ «እዚህ አካባቢ ነው» አለ።