ሂፕኖቲዝምን ለማዕርግ ያበቃው ሐኪም

ጥበብ ሁሉ በያዘው ሰው እጅ ይከብራል፤ በያዘው ሰው እጅም ይዋረዳል። በአታላይ እጅ የወደቀ እንደ ሆነ የገበያ መሳቂያ ይሆናል፤ በታማኝ እጅ የገባ እንደ ሆነ ግን ለሕመምተኛ መድኃኒት ይሆናል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ሂፕኖቲዝም የተባለው የሰመመን ጥበብና ይህን ጥበብ ያስከበረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬድ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከብሬድ አስቀድሞ ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የተባለ ሐኪም በ1778 ዓ.ም. ከቪየና ወደ ፓሪስ መጥቶ፥ የማይታይ ረቂቅ ኀይል አለ፥ በእርሱም በሽታን እፈውሳለሁ ይል ነበር። በ1784 ዓ.ም. ንጉሡ ሉዊ 16ኛ መርማሪዎች አቆሙ፤ ከእነርሱም መካከል ፍራንክሊንና ላቮዋዚዬ ነበሩ። እነዚህም ፈትነው፥ ኀይል የተባለው ነገር የለም፥ የሚሠራው የሕመምተኛው አሳብ ነው ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በሊቃውንት ዘንድ ተናቀ፤ በአደባባይም የትዕይንት መነገጃ ሆነ።

ብሬድ በ1795 ዓ.ም. ተወልዶ በኤዲንብራ የተማረ፥ በማንቸስተር ከተማ የሚሠራ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። በኅዳር ወር 1841 ዓ.ም. ላፎንቴን የተባለ ፈረንሳዊ ትዕይንት ባሳየ ጊዜ፥ ብሬድ ማታለል መኖሩን ሳይጠራጠር ሊመለከት ሄደ። ዳሩ ግን የተፈተነው ሰው የዓይኑን ቆብ መግለጥ በእውነት እንዳቃተው አየ። ስለዚህ አልሳቀም፥ አላመነምም፤ መረመረ እንጂ። በቤቱ ወዳጁን፥ ሚስቱንና አሽከሩን ከዓይናቸው ከፍ ብሎ በተቀመጠ ነገር ላይ ትኵር ብለው እንዲያዩ አደረገ፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይቈይ ዓይናቸው ደክሞ ተከደነ። እንግዲህ ምክንያቱ ከአድራጊው የሚወጣ ኀይል ሳይሆን፥ የተመልካቹ የዓይንና የልብ ትኵረት መሆኑን አስተዋለ።

ነገር ግን ሁለት ፈተና ደረሰበት። በ1842 ዓ.ም. የሊቨርፑል ሰባኪ ሂው መክኒል ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ሰበኩ፤ ብሬድም ነገሩ ከተፈጥሮ ሕግ የማይወጣ መሆኑን የሚያስረዳ መልስ አሳተመ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጽሑፉን አልቀበልም አለው፤ እርሱም በማንቸስተር ከተማ ሰው ሰብስቦ ሥራውን በግልጥ አሳየ። በ1843 ዓ.ም. መጽሐፉን አውጥቶ፥ እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣውን ስም አጸና። በዚሁም መጽሐፍ ሂፕኖቲዝም ለደዌ ሁሉ መድኃኒት እንዳልሆነ፥ ሊሠሩበት የሚገባቸውም ሐኪሞች ብቻ እንደ ሆኑ አስጠነቀቀ። ለጥበቡ ክብርን ያመጣለት ከሁሉ ይልቅ ይህ ልኩን ማወቅ ነው።

ብሬድ በ1860 ዓ.ም. ሞተ። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955 ዓ.ም.፥ የአሜሪካም በ1958 ዓ.ም. ጥበቡ በሕክምና ውስጥ ስፍራ እንዳለው መሰከሩ። ዛሬም ሕመምን ለማስታገሥና ለአንዳንድ የአንጀት ሕመም ይረዳል፤ ዳሩ ግን የሐሰት ትዝታን ሊያሳድር ስለሚችል ለፍርድ ምስክርነት አይታመንም።

እንግዲህ ሹም የሆነ ሰው እፈውሳለሁ ባይን ሁሉ ሳይመረምር አይፍቀድለት፤ ካህንም ያላወቀውን ነገር ሳይመረምር አያውግዝ። ምርመራ የቀደመው ፍርድ ሕመምተኛውን ከአታላይ ያድነዋል፤ ከሚጠቅመው መድኃኒትም አይከለክለውም።